ከጭስ ማውጫው ጀርባ፦ ስለ መኪና ጭስ፣ ስለ ዲፒኤፍና ስለ ሳንባችን ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባለፈው ዓመት የመኪናዬ ዳሽቦርድ ላይ አንድ ቢጫ መብራት በራ። ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ ኮምፒውተሩን ሰክቶ አየና «ፊልተሯ ታፍኗል። ቆርጠን እንጣልልህ፤ ለእኛ አገር የሚሆን ነገር አይደለም» አለኝ። ፊልተር ያለው ዲፒኤፍ የሚባለውን፣ የናፍጣ መኪና የጭስ ብናኝ ማጣሪያ ነው። ዋጋውም አያስፈራም ነበር። አመስግኜ ይዣት ወጣሁና ማንበብ ጀመርኩ። ከዚያ ወዲህ ናፍጣ መኪና ያለው ወዳጅ ዘመድ ሁሉ እኔን ይጠይቃል። መካኒክም ሐኪምም አይደለሁም። ግን ጥያቄዎቹ ስለሚደጋገሙ አንድ ላይ ሰብስቤ ልመልሳቸው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ከጭስ ማውጫው የሚወጣው በትክክል ምንድን ነው?

ጋዝና ብናኝ። ጋዙን ለዛሬ እንተወው። ብናኙ በዋናነት ተቃጥሎ ያላለቀ ካርቦን ነው። የጭስ ቤት ጣሪያ ላይ የሚንጠለጠለውን ጥቀርሻ ታውቁታላችሁ፤ የእሱ ታናሽ ወንድም በሉት። ካርቦኑ ላይ ያልነደደ ነዳጅ፣ የሞተር ዘይት ትርፍራፊ፣ ሰልፌትና የብረት ቅንጣት ይለጠፍበታል። ፒኤኤች የሚባሉ፣ ካንሰር በማምጣት የታወቁ ኬሚካሎችም በላዩ ተሳፍረው ይሄዳሉ።

ስለ አየር ብክለት ሲወራ «ፒኤም 2.5» የሚባል ነገር ትሰማላችሁ። ስፋቱ ከ2.5 ማይክሮሜትር የማይበልጥ ብናኝ ማለት ነው። የራስ ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮሜትር ገደማ ነው። እንግዲህ ወደ 30 የሚሆኑትን ጎን ለጎን ብትደረድሩ ነው አንድ ፀጉር የሚያህሉት። ከናፍጣ ሞተር የሚወጣው ደግሞ በቁጥር ሲታይ አብዛኛው ከዚህም በጣም ያነሰ ነው፤ ከ0.1 ማይክሮሜትር በታች።

ጥቁር ጭስ ካላየሁ መኪናዬ ንጹሕ ናት ማለት ነው?

አይደለም። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ዓይን የሚያየው ተጠራቅሞ የጠቆረውን ነው። ደቃቁ አይታይም፤ ወደ ሰውነት ጠልቆ የሚገባው ደግሞ ደቃቁ ነው። ኢንጀክተሩ (ነዳጅ የሚረጨው ዕቃ) ዘመናዊ የሆነ ናፍጣ ሞተር ማጣሪያው ወጥቶለት እንኳ ምንም ሳያጨስ ሊሄድ ይችላል።

አንድ ቁጥር ልስጣችሁ። የአውሮፓ ሕግ አንድ አዲስ ናፍጣ መኪና በኪሎ ሜትር እስከ 600 ቢሊዮን ቅንጣት እንዲለቅ ይፈቅድለታል። ያውም ማጣሪያ እያለው! ማጣሪያ የሌለው ናፍጣ ግን ይህንን በአሥር እጥፎች፣ አንዳንዴም በ100 እጥፍ ያልፈዋል።

የሚታየው ጭስ ቀለሙ ግን ይናገራል። ጥቁር ከሆነ ነዳጅ በዝቷል ወይ አየር አንሷል ማለት ነው፤ የአየር ፊልትሮው ተደፍኖ፣ ኢንጀክተሩ አርጅቶ ወይም ተርቦው (አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋው) ደክሞ ሊሆን ይችላል። ሰማያዊ ከሆነ ሞተሩ ዘይት እየበላ ነው፤ ፋሻው (የፒስተን ቀለበቱ) አልቆ ይሆናል። ነጭ ጭስ ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ታይቶ ከጠፋ ብዙም አያስጨንቅም። ከሞቀም በኋላ ካልጠፋ ውሃ ወደ ሞተሩ እየገባ ሊሆን ስለሚችል ቴስታታውን (የሞተሩን ክዳን) አስፈትሹ።

ጥፋተኛው ናፍጣ ብቻ ነው? ቤንዚንስ?

ናፍጣ ሞተር ውስጥ ነዳጁ የሚረጨው ተጨምቆ የጋለ አየር ውስጥ ነው። ከአየሩ ጋር በደንብ ሳይደባለቅ እዚያው ይቀጣጠላል። በተረጨው ጉም መሃል ያለው ነዳጅ አየር ሳያገኝ ይጠበሳል እንጂ አይቃጠልም። ጥላሸቱ የሚመጣው ከዚያ ነው። የድሮው ቤንዚን ሞተር ግን ነዳጁንና አየሩን አስቀድሞ ስለሚያደባልቅ ብናኙ ያነሰ ነው።

«የድሮው» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። አሁን አሁን ቤንዚኑን በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ የሚረጩ ሞተሮች በዝተዋል። ነዳጅ ይቆጥባሉ፤ ብናኛቸው ግን ወደ ናፍጣው ይጠጋል። ለዚህ ነው አውሮፓ ውስጥ የተሸጡ ብዙ አዳዲስ ቤንዚን መኪኖችም ማጣሪያ የተገጠመላቸው።

አዲስ አበባ ላይ ለምን የባሰ ይመስላል?

የሚመስል ብቻ አይደለም፤ ምክንያት አለው። ከተማዋ ያለችው ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር ጋር ሲነጻጸር በአንድ አራተኛ ያህል ይሳሳል። በሜካኒካል ፖምፓ የሚሠራ አሮጌ ሞተር ይህን አያውቅም። ባሕር ዳርቻ ላይ ያለ ይመስል ያንኑ ያህል ናፍጣ ይረጫል። አየር አንሶት ጥላሸቱን ይተፋዋል። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ዳገቱን የሚወጣ አሮጌ መኪና ከኋላው ሆናችሁ የተከተላችሁ ታውቁታላችሁ። በዚያ ላይ ከልክ በላይ ይጫናል፤ ጉልበት እንዲጨምር ተብሎም ፖምፓው ይከፈታል።

በበጋ ጠዋት ሌላ ነገር ይጨመርበታል። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ብርድ ከመሬት አጠገብ ያለው አየር ይቀዘቅዝና ከላይ ሞቅ ያለ አየር እንደ ክዳን ይገጠምበታል። የጠዋቱ ጭስ መሄጃ አጥቶ እዚያው ይተኛል።

እውነቱን ለመናገር ግን የከተማዋ ብናኝ ሁሉ የመኪና አይደለም። እንጨትና ከሰል፣ የሚቃጠል ቆሻሻ፣ የመንገድ አቧራ ድርሻቸው ትልቅ ነው። በእንጨት እንጀራ የምትጋግር እናት ምጣዱ አጠገብ ሆና የምትስበው ጭስ መገናኛ ቆሞ ታክሲ ከሚጠብቅ ሰው ሊበልጥ ይችላል። መኪናውን ለብቻው የማነሳው መፍትሔው የተለየ ስለሆነ ነው።

ብናኙ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ምን ያደርጋል?

ትልልቁን አፍንጫና ጉሮሮ ይይዙታል። ምሽት ላይ ስትናፈጡ መሐረቡ ላይ የምታዩት ጥቁር ነገር እሱ ነው። እሱስ ተያዘ። የሚያሳስበው ያልተያዘው ነው።

ፒኤም 2.5 እስከ ሳንባ መጨረሻ፣ አየርና ደም እስከሚገናኙባቸው ጥቃቅን ከረጢቶች ድረስ ይወርዳል። የሰውነት ጠባቂ ሴሎች ሊውጡት ይሞክራሉ። ካርቦን ግን በቀላሉ የሚፈጭ ነገር አይደለም። ሴሎቹ ይቆጣሉ፤ ቁጣው ደም ውስጥ ይሰራጫል። በጣም ደቃቁ ደግሞ ራሱ ግድግዳውን አልፎ ደም ውስጥ ይገባል። ከዚያ በኋላ ጉዳዩ የሳንባ ብቻ መሆኑ ያበቃል። የደም ሥር ይደርቃል፣ ደም ለመርጋት ይቀርባል፣ የልብ አመታት ይዛባል።

እኔን በጣም ያስገረመኝም ይኸው ነው። ጭስ ሲባል ሁላችንም ሳል እናስባለን። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ከቤት ውጭ ባለው የአየር ብክለት ሰበብ 4.2 ሚሊዮን ሰው ያለ ዕድሜው እንደሞተ ገምቷል። ከእነዚህ ውስጥ 68 በመቶ ያህሉ የሞቱት በልብ ሕመምና በስትሮክ ነው። የሳንባ ካንሰር 4 በመቶ ገደማ ነው። ግፊት ወይም የልብ ችግር ያለባቸው አባትና እናት ካሉን፣ ዋናው መንገድ ዳር ጠዋት በእግር የሚንሸራሸሩ ከሆነ፣ ውስጥ ለውስጥ ባለው መንገድ እንዲሄዱ ብንመክራቸው አይከፋም።

የድርጅቱ የ2021 መመሪያ የፒኤም 2.5 የዓመት አማካይ ከ5 ማይክሮግራም በኩቢክ ሜትር እንዳይበልጥ ይላል። በፊት 10 ነበር፤ ጉዳቱ ከተገመተው ዝቅ ባለ መጠንም እንደሚጀምር ስለታየ ተቀነሰ። አዲስ አበባ ላይ የተለኩ አማካዮች ከ5 በብዙ እጥፍ ይበልጣሉ።

ይህ ሁሉ በሰው ላይ ታይቶ ነው ወይስ ግምት ነው?

ታይቶ ነው። በጣም የምወደውን ልንገራችሁ። ለንደን ውስጥ ኦክስፎርድ ስትሪት የሚባል የገበያ ጎዳና አለ። በዚያን ጊዜ የቤት መኪና አይገባበትም፤ አውቶቡስና ታክሲ ብቻ ነው፤ እነሱም ባብዛኛው ናፍጣ ናቸው። ተመራማሪዎች አስም ያለባቸውን 60 ሰዎች አንድ ቀን እዚያ ጎዳና ላይ፣ ሌላ ቀን ሃይድ ፓርክ ውስጥ 2 ሰዓት አስኬዷቸው። ሰዎቹ ያው ናቸው፣ እርምጃውም ያው ነው፤ አየሩ ብቻ ተለየ። ጎዳናው ላይ የሳንባቸው አቅም ይበልጥ ወረደ። ውጤቱ በ2007 ታተመ።

ከአሥር ዓመት በኋላ በታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ዕድሜያቸው ከ60 በላይ የሆኑ ሰዎችን ወሰዱ፤ ጤነኞችም፣ የልብና የሳንባ ሕመምተኞችም ነበሩባቸው። ፓርኩ ውስጥ መራመዱ ሳንባቸውን አሻሻለው፣ የደም ሥራቸውንም አለሰለሰው። ጎዳናው ላይ ግን ያ ጥቅም ሟሸሸ። ስፖርቱን ሠርተው የስፖርቱን ዋጋ ጭሱ በላባቸው ማለት ነው።

ካንሰርን በተመለከተ፣ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በሰኔ 2012 የናፍጣ ጭስን አንደኛው ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። «በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ የተረጋገጠ» ማለት ነው። ትልቁ ማስረጃ ከ12,000 በላይ አሜሪካውያን የማዕድን ሠራተኞች ላይ የተደረገ ጥናት ነበር። ከመሬት በታች በናፍጣ ማሽን መሃል የሚውሉ ሰዎች ናቸው። አንድ ነገር ግን ላብራራ፤ ሲጋራም አስቤስቶስም እዚሁ ምድብ ውስጥ ናቸው። ምድቡ የሚነግረን ማስረጃው ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ ነው፤ አደጋው እኩል ነው ማለት አይደለም።

ልጆች ላይስ?

ልጅ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። ቁመቱም ከጭስ ማውጫው ጋር ትከሻ ለትከሻ ነው። ሳንባው ደግሞ ገና በማደግ ላይ ነው። ደቡባዊ ካሊፎርኒያ ውስጥ ልጆችን ለዓመታት የተከታተለ ጥናት ከትልቅ አውራ ጎዳና በ500 ሜትር ውስጥ ያደጉት የሳንባ ዕድገታቸው አንሶ አግኝቶታል። መልካሙ ዜና፣ እዚያው አካባቢ አየሩ ከዓመት ዓመት ሲጸዳ በኋላ የመጡት ልጆች የተሻለ ሳንባ ይዘው አድገዋል። ስለዚህ «አንዴ ሆነ፣ ምን ይደረጋል» የሚባል ነገር አይደለም።

ለንደን ውስጥ ትልቅ መንገድ አጠገብ ትኖር የነበረችው ኤላ አዱ-ኪሲ-ዴብራ በ2013 በከባድ አስም ስትሞት 9 ዓመቷ ነበር። በታኅሣሥ 2020 የሞት መንስኤ መርማሪው የአየር ብክለት ለሞቷ አስተዋጽኦ እንዳደረገ ወሰነ። በብሪታንያ እንዲህ ያለ ውሳኔ ሲሰጥ የመጀመሪያው ነው።

ዲፒኤፍ የሚሉት ነገር ምንድን ነው?

ከሞተሩ በኋላ ጭስ ማውጫው መስመር ላይ የሚገጠም የናፍጣ ብናኝ ማጣሪያ ነው። ውስጡ ሴራሚክ ነው፤ የማር እንጀራ ይመስላል። ብልሃቱ የቀዳዳዎቹ አደራደር ላይ ነው። አንዱ ቀዳዳ ከፊት ክፍት ሆኖ ከኋላ ይደፈናል፤ ጎረቤቱ የዚያ ተገላቢጦሽ ነው። ጭሱ መውጫ ሲያጣ የሴራሚኩን ግድግዳ ሰርስሮ ወደ ጎረቤት ቀዳዳ ይሻገራል። ጥላሸቱ ግድግዳው ላይ ይቀራል። ደህና ማጣሪያ ከ95 በመቶ በላይ ያስቀራል። በፋብሪካ ተገጥሞለት በብዛት የተሸጠ የመጀመሪያው የቤት መኪና በ2000 የወጣው ፔጆ 607 ነው።

የተጠራቀመው ጥላሸት ግን መወገድ አለበት። ረጅም መንገድ ላይ ጭሱ ራሱ ግሎ ቀስ በቀስ ያቃጥለዋል። ከተማ ውስጥ ያ ሙቀት አይገኝም። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ማጣሪያው መሙላቱን ሲያይ ትንሽ ናፍጣ ጨምሮ ይረጭና ማጣሪያውን ወደ 600 ዲግሪ ያደርሰዋል። ጥላሸቱ ነዶ ያልቃል። ይህ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ሳይቋረጥ መንዳት ይፈልጋል። (በዚያ ሰዓት ጭድ ወይም ደረቅ ሣር ላይ መኪና አታቁሙ። የምሬን ነው።)

የማይነድ ነገርም አለ፤ ከሞተር ዘይቱ የሚመጣው አመድ። እሱ ዕድሜ ልኩን ይጠራቀማል። 100,000 ኪሎ ሜትር ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ማጣሪያው ወርዶ በማሽን መጽዳቱ አይቀርም።

ታዲያ ለምን ቶሎ ቶሎ ይታፈናል?

ከቦሌ ፒያሳ፣ ከፒያሳ ቦሌ ነዋ! ማጽዳቱ ይጀምርና ሳይጨርስ ሞተሩ ይጠፋል። ነገም እንዲሁ። ለማጽጃ የተረጨው ናፍጣ ወደ ሞተር ዘይቱ ይወርዳል። የዘይት ልኬታችሁ እየቀነሰ በመሄድ ፈንታ እየጨመረ ከመጣ ይህ ነው፤ ደስ አይበላችሁ።

ሁለተኛው ዘይት ነው። እነዚህ መኪኖች አመዱ ያነሰ ዘይት ይፈልጋሉ። ጣሳው ላይ «ሲ2» ወይም «ሲ3» የሚል ምልክት አለው፤ የመኪናችሁ መመሪያ የትኛውን እንደሚል እዩ። ርካሹን ስታስሞሉ ማጣሪያውን በአመድ እየሞላችሁት ነው። ሦስተኛው ሰልፈር የበዛበት ናፍጣ ነው። ማጣሪያዎቹ የተሠሩት ሰልፈሩ ከ10 ወይም ከ15 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ 10 ወይም 15 እጅ) ለማይበልጥ ናፍጣ ነው። አራተኛው ሌላ ብልሽት ነው፤ ኢንጀክተር ሲያንጠባጥብ፣ ተርቦ ዘይት ሲያሳልፍ፣ ቀድሞ የሚታፈነው ማጣሪያው ነው። በሽተኛው ሌላ፣ የሚያቃስተው ሌላ።

መብራቱ ሲበራ መጀመሪያ ምን ላድርግ?

ቢጫ ከሆነና ሞተሩ ጉልበት ካልቀነሰ፣ ወደ ፈጣን መንገድ ውጡና ለ20 ደቂቃ ያህል ሳታቆሙ ንዱት፤ ማርሹን አንድ ዝቅ አድርጋችሁ። ብዙ ጊዜ ይጠፋል። ካልጠፋ ወይም መኪናው «አልሄድም» ካለ ጋራዥ ውሰዱት። ኮምፒውተሩ የመዘገበውን የብልሽት ኮድ ከማጥፋት በፊት ግን ምክንያቱን እንዲፈልጉ ጠይቁ። ምክንያቱ ሳይገኝ ማጣሪያውን ማጠብ፣ ቧንቧው ክፍት ሆኖ ወለል እንደመወልወል ነው።

ቆርጦ ማውጣቱስ? ሁሉም እያደረገው አይደል?

እያደረገው ነው። የእኔም ጋራዥ የመከረኝ ይህንን ነበር። የማጣሪያው ሆድ ይወጣል፣ ቆርቆሮው ተመልሶ ይበየዳል፣ ኮምፒውተሩም ማጣሪያ እንዳለ እንዲያምን ይደረጋል። መኪናው ይሄዳል፤ ጉልበትም ትንሽ ሊጨምር ይችላል። ባለመኪናው ደስ ይለዋል።

ግን ማን ይስበዋል? ከሁሉ በፊት ቤተሰቡ። ጠዋት ግቢ ውስጥ መኝታ ቤት መስኮት ሥር 10 ደቂቃ ሞተር የምናሞቅ ሰዎች ነን። ቀጥሎ ወያላው፣ ሊስትሮው፣ ትራፊክ ፖሊሱ፣ መንገድ ዳር በቆሎ የምትጠብሰው። ኢንጀክተሩ ካንጠባጠበም አሁንም እያንጠባጠበ ነው፤ የሚያስጠነቅቅ መብራት ብቻ ነው የጠፋው።

ውጭ ያለ ወንድሜ ዲፒኤፉ የወጣ መኪና በርካሽ አግኝቷል። ይግዛ?

ይተው። ብሪታንያ ውስጥ ከየካቲት 2014 ጀምሮ ማጣሪያው የወጣ መኪና ዓመታዊ ምርመራውን ይወድቃል፤ መንዳቱም ቅጣት አለው። ጀርመን ከሐምሌ 2023 ወዲህ አዳዲሶቹን ናፍጣ መኪኖች ቅንጣት በሚቆጥር መሣሪያ ትፈትሻለች፤ ቆርቆሮ በይዶ ማታለል እዚያ አይሠራም። አሜሪካም በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው። ይህን ስል ፈረንጅ ሁሉ ጨዋ ነው ማለቴ አይደለም። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ2020 ባወጣው ግምት በአሥር ዓመት ውስጥ ከ550,000 በላይ ናፍጣ ፒካፖች ማጣሪያና መሰል ዕቃቸው ተነቅሏል።

ታክሲ ውስጥ መስኮት ይዘጋ ወይስ ይከፈት?

የዘላለም ጠብ! አንዱ «ንፋስ መታኝ» ይላል፣ ሌላው «ታፈንኩ» ይላል። ከገልባጭ መኪና ጀርባ ቆማችሁ ከሆነ ለጊዜው ዝጉት። መንገዱ ሲለቅቅ ክፈቱት፤ ሰው የሞላበት የተዘጋ ታክሲ የራሱ በሽታ አለው። በራሳችሁ መኪና ከሆነ የውስጡን አየር የሚያዞረውን ቁልፍ ተጫኑ፤ ጥቂት ደቂቃ ብቻ፣ አለዚያ ያንቀላፋችኋል። ባብዛኛው መኪና በዳሽቦርዱ መሳቢያ ጀርባ የውስጥ አየር ማጣሪያ አለ። አውጡትና እዩት። ብዙ ሰው መኖሩንም አያውቅም።

ነጠላ ወይም ማስክ ይረዳል?

ነጠላና ሻርፕ ለአቧራ እንጂ ለዚህ አይሆኑም። ኤን95 ማስክ በደንብ ከገጠመ ብናኙን ያስቀራል፤ ጺም ካለ ግን በጎን ያስገባል። ጋዙን አያስቆምም።

ወተት ብጠጣ ጭሱን ያጥብልኛል?

ቀለም ቀቢውም፣ መካኒኩም፣ የሲሚንቶ ሠራተኛውም ይህን ያምናል። ወተት ወደ ጨጓራ ነው የሚሄደው፤ ሳንባ ሌላ መንገድ ነው። ጉሮሮን ያለሰልስ ይሆናል። ከወደዳችሁት ጠጡት።

ኤሌክትሪክ መኪና ይገላግለናል?

ከጭስ ማውጫው፣ አዎ። ኢትዮጵያ በ2024 መጀመሪያ የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ መከልከሏ ይታወሳል። ከፍሬን ሸራና ከጎማ የሚነሳው ብናኝ ግን ለኤሌክትሪኩም አለ። መኪናው ይከብዳል፤ በሌላ በኩል ፍጥነት ሲቀንስ በሞተሩ ስለሚያዝ ፍሬን ብዙም አይነካም። የአውሮፓ አዲሱ ደንብ፣ ዩሮ 7፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የፍሬን ብናኝ ላይም ልክ አውጥቷል። እኛ አገር ግን መንገዱ ላይ ያሉት አሮጌ ናፍጣዎች በአንድ ሌሊት አይጠፉም። ለጊዜው ጥገናቸው ላይ ብንበረታ ይሻላል።

እሺ፣ የአንተ መኪና ምን ሆነች?

ሌላ ጋራዥ ወሰድኳት። ልጁ ከሥር ገብቶ ለሃያ ደቂቃ ያህል ጎረጎረ። ፊልተሯ ደህና ነበረች። ወደ ግፊት መለኪያዋ የምትሄደው ቀጭን የጎማ ቱቦ ተሰንጥቃ ኖሯል፤ ኮምፒውተሩን የምታሳስተው እሷ ናት። ጣት የማታህል ቱቦ። ቀየራት፣ መብራቱ ጠፋ።